ልጄ የለሰነው ግድግዳ

ከግድግዳው ወዲያ ያለው የጎረቤቴ ሕፃን ሲያስነጥስ «ይማርህ» ልል አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ በመዳፌ እንደመለስኩት የማውቀው እኔ ነኝ። ብናገር ይሰማ ነበር። የእነሱ ድምፅ እኔ ዘንድ እንደሚደርስ ደግሞ እንዲያውቁ አልፈልግም ነበር። ለምን ብትሉኝ ነገሩ ከግድግዳው ይጀምራልና እስቲ ግድግዳውን ላስቀድም።

ቤታችን መርሳ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የመኪናው ጡሩምባ የሚሰማበት አቧራው ግን የማይደርስበት ቦታ። አንድ ጣሪያ፣ ሁለት በር። አንዱ በር የእኔ፣ ሌላው የልብስ ሰፊው ነው። ቤቱን ያቆሙት ባለቤቴና የልብስ ሰፊው አባት ናቸው፤ ዛሬ ሁለቱም የሉም። ምሰሶው ሲተከል አንዱ በስመ አብ፣ አንዱ ቢስሚላህ ብለው፣ በአንድ ደቦ ሠርተው መካከሉን በአንድ ግድግዳ ከፈሉት። ቋሚው ወይራ፣ ማገሩ ክትክታ፣ ምርጊቱ የጤፍ ጭድ የገባበት ጭቃ ነው። በየጥቅምቱ እኔ በዚህ በኩል፣ የልብስ ሰፊው እናት በዚያ በኩል ሆነን እንመርገው ነበር። የአንዱ ዓመት ጭቃ በሌላው ዓመት ላይ ሲደረብ ሲደረብ ግድግዳው ክንድ አከለ። ከወዲያ ልጅ ሲወለድ እንኳ እልልታው ለእኛ የሚሰማን በበር በኩል ዞሮ ሲመጣ ነበር።

እሷም ሞተች፤ ደግ ሴት ነበረች። ልጇ ልብስ ሰፊው ቤቱን ወረሰ፣ አገባ፣ ወለደ። ሥራው ግን ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ባለሱቁ በረንዳውን ለራሱ ሲፈልገው መኪናውን ተሸክሞ ቤት ገባ። የስፌት መኪናውን ማለቴ ነው። ደንበኛ እንዳያፍርበት ብሎ ቤቱን ሊያድስ ተነሳ፤ ቆርቆሮውን ከፍ፣ ወለሉን ሊሾ፣ ግድግዳውን የሲሚንቶ ልስን። ሥራውን የሰጠው ለልጄ ነው።

ልጄ ግንበኛ ነበር። ወልዲያ ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ሥራ ሲያገኝ ወደ መርሳም ወደ ግራናም ይወርዳል። የመጨረሻ ልጄ ነው። እህቱ ግራና አግብታ ሄዳለች፣ የራሷ ቤት የራሷ ጣጣ አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጄን ገፋ አድርጎ «እማ፣ አለሽ?» የሚለኝ እሱ ነበር። የት ልሄድ ብሎ ነው እንዲህ የሚለኝ እያልኩ እስቅ ነበር።

ያን ግድግዳ ሲፍቀው ውስጡን ምስጥ ጨርሶት አገኘ። ያ የእኔና የልብስ ሰፊው እናት የዓመታት ድካም እንደ ደረቅ እንጀራ እየተፈረፈረ ወረደ። ከወዲያ በመዶሻ ሲመታ ከወዲህ የእኔም ጭቃ እየተላቀቀ ወደቀ፤ ማገሩ እንደ ከሲታ ከብት አጥንቱን አሳየ። እሱ ግን በዚያ በኩል ሲሚንቶውን ቀብቶ፣ በፍራታዞ እያዞረ እያዞረ እንደ መስተዋት አደረገው። ፍራታዞ ማለት ግንበኞች ልስን የሚያስተካክሉባት መያዣ ያላት ጣውላ ናት። ጠዋት ጠዋት ብርሃን በመስኮት ሲገባ ያበራል። የመጣ ሰው ሁሉ በእጁ ሳይዳብሰው አይወጣም ነበር። «ማነው የሠራው?» ይላሉ፤ የልብስ ሰፊው ሚስት ራሷ የሠራችው ይመስል ኮራ ብላ የእኔን በር ታሳያለች። ልጄ በዚያ ግድግዳ ምክንያት ሌላ ሥራ አገኘ።

ድምፁ የጀመረው መኪናው ሥራ ሲጀምር ነው። ልብስ ሰፊው ብርሃን ፈልጎ መኪናውን ከመስኮቱ ሥር፣ ልክ ከዚያ ግድግዳ ጋር አስጠግቶ አኖረው። መርገጫው ሁለት ጊዜ ደህና ሄዶ በሦስተኛው ያነክሳል። እኔ ከወዲህ እንዝርቴን ይዤ ጥጥ እፈትላለሁ፤ የእሱ መርገጫ ሲያነክስ የእኔም ክር ይበጠሳል። በርጩማው በሊሾው ላይ ሲጎተት ጥርሴን ያፋጨዋል። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ማንኪያ ይወድቃል፣ ሬዲዮው ያወራል። ባልና ሚስት መቼም ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዳንዴ ሰው ሊሰማው የማይገባ ነገር ሲነጋገሩ እንዝርቴን ይዤ ጓሮ እወጣ ነበር።

ለልጄ ነገርኩት። እሱ መሳቅ ነው።

«እማ፣ ሬዲዮ ግዛልኝ ስትዪኝ ኖርሽ፤ ይኸው ገዛሁልሽ።»

«ሬዲዮስ ሲሰለች ይዘጋል» አልኩት።

ሳቁን ሲጨርስ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ፊቱ ተለወጠ። ሲሚንቶው እንዳይጎድልበት ብሎ ልስኑን እንዳሳሳው ነገረኝ፤ ሲያዩት ያምራል እንጂ ሳስቷል። ከዚያ እንደ ቀልድም እንደ ልመናም አድርጎ፣ «በአንቺ በኩል ጭቃ ደርቤ እመርገዋለሁ፤ ጭቃ ድምፅ ይይዛል። እስከዚያ ለሰው እንዳትነግሪብኝ» አለኝ። እኔ ልጄን ላማ? ገና እንጀራው ሲቃና?

በክረምት ጭቃ አይመረግም፤ አይደርቅም። ስለዚህ ለመስከረም እንዲደርስ ጓሮ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀይ አፈር አመጣ፣ የጤፍ ጭድ ነሰነሰበት፣ ውኃ ጨመረበት። ሱሪውን ሰብስቦ እሱ ረገጠው፤ እኔም ቀሚሴን ከፍ አድርጌ አብሬው ረገጥሁ። ጉልበቴ አላስቻለኝም እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። የምርጊት ጭቃ መቡካት አለበት፤ ጭዱ በስብሶ ከአፈሩ ጋር ካልተዋሐደ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሲቦካ ደግሞ ውኃ እየተጨመረለት መገላበጥ አለበት። በሸራ ሸፈነልኝና፣ «እንዳይደርቅብሽ ብቻ፤ አንዴ ከደረቀ እንደገና መጀመር ነው» አለኝ።

በዚያው ሰሞን የልብስ ሰፊው ሚስት ሕፃኑን ታቅፋ ደጄ መጣች። አራስ ነበረች፤ ገና ፊቷ አልቀላም። እንደ ማፈር እያለች፣ «እማማ፣ መኪናው አያስቸግርዎትም? የልጆቹስ ጩኸት?» አለችኝ።

«የምን ጩኸት?» አልኳት። «እንዲያው ከወዲያ ሰው ያለም አይመስለኝ።»

ደስ ብሏት ሄደች። ወዲያው ለባሏ ስትነግረው ሰማኋት። «ልጃቸው እኮ እጁ ወርቅ ነው፤ ግድግዳው ምንም አያሳልፍም» አለችው። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጨምሬ ብቻዬን ሳቅሁ። ድምፅ አውጥቼ መሳቅ አልችልማ።

ጦርነቱ ወደ ወልዲያ የቀረበው በነሐሴ ነው። መንገዱ በሰው ተሞላ። አልጋ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለ፣ ሁሉም ወደ ደሴ። ልጄ ከወልዲያ በእግሩ መጣ፤ የግንበኛ ዕቃውን በከረጢት ተሸክሞ። ያንን ብረት ለምን ታመጣዋለህ ስለው፣ «እጄን ትቼ ልሂድ?» አለኝ። ወጣት የሆነ ወንድ ሁሉ ከከተማው ይውጣ እየተባለ ነበር። አብረሽኝ ካልሄድሽ ብሎ ብዙ ለመነኝ። እኔ በዚህ ጉልበቴ ቅርብ ያለችው ውርጌሳም አልደርስም። የልብስ ሰፊውም ሚስት ከነአራስነቷ መንገድ አትችልም። ልብስ ሰፊው ሊሄድ ነው ተባለ፤ ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ሆነ።

ልጄ ከመውጣቱ በፊት ጓሮ ሄደ። እዚያ ምን ያደርጋል ብዬ ተከተልኩት። ሸራውን ገልጦ እግሩን ጭቃው ውስጥ ነክሮ እየሞከረ ነው። «ጥሩ ይዟል» አለኝ። «ለመስቀል መጥቼ እመርግልሻለሁ። ውኃ እንዳታጎድዪበት።» እግሩን ሳይታጠብ ጫማውን አደረገ።

በር ላይ ልብስ ሰፊውን ትከሻውን ያዝኩት። ጋቢውን ተከናንቦ ነበር፣ በነሐሴ ብርድ። «ልጄን አደራ» አልኩት።

«ወላሂ፣ እማማ፣ ከዐይኔ አይለይም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አልዘረዝርም፤ የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረ ደግሞ ባይሰማው ይሻላል። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ገበያ የለም። ደሴ የገባ ይኑር ያልገባ ይኑር የሚያውቅ የለም። እኔ የማወራው ስለ ግድግዳው ነው። መኪናው ዝም አለ። ልጆቹም ዝም አሉ፤ እናታቸው እንዳይሮጡ ከልክላቸዋለች። ዝምታ አማረኝ ስል የነበርኩት ሴትዮ ዝምታ ሲመጣ እንዴት እንደሚከብድ አየሁት። ከወዲያ የሚመጣው ሹክሹክታና የሕፃኑ ማስነጠስ ብቻ ሆነ። አቧራ አይወድም ያ ልጅ፤ ሁልጊዜ ነበር የሚያስነጥሰው።

ግድግዳው አሁንም ይነግረኝ ነበር። ትልቁ ልጅ «ራበኝ» ሲል ሰምቼ፣ ትንሽ ቆየት ብዬ ንፍሮ ይዤ በበር ዞሬ እሄዳለሁ። «በዝቶብኝ ተርፎ ነው» እላለሁ። ማታ ሶላቷን ሰግዳ ስታለቅስ ከሰማሁ፣ ጠዋት ፀጉሬን ሥሪልኝ ብዬ እመጣለሁ፤ እጇ ሥራ ሲይዝ ልቧ ረጋ እንዲል። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «እማማ፣ ልክ ሲጨንቀኝ ነው የሚመጡት። ምን ይነግርዎታል?» እኔም እድሜ ነው አልኳት።

ጥጥ ግን አልጎደለኝም ነበር። ከሰላሙ ጊዜ የተረፈ ፍሬው የወጣለት ጥጥ ነበረኝ። የልጄን ጋቢ ልፈትል ብዬ ተያያዝኩት። ልብስ ሰፊው ጋቢ ተከናንቦ ሲወጣ እሱ በአንዲት ጃኬት መሄዱ ውስጤን በልቶት ነበር። መስቀል መጣ፣ ሄደ። እፈትላለሁ፤ ጭቃውን ውኃ አጠጣለሁ፤ በእንጨት እገላብጣለሁ። ጥይት ሲጮህ ገብቼ እቀመጣለሁ፤ ዝም ሲል ወጥቼ እገላብጣለሁ። የልብስ ሰፊው ሚስት ከበሯ ሆና ታየኛለች። የአእምሮ ነገር መስሏት ይሆን? ምንም ብላኝ አታውቅም። አንዳንዴ ባልዲውን ተቀብላኝ እሷ ትጨምርበታለች።

መንገዱ የተከፈተው በታኅሣሥ ነው። ሰው ሲመለስ ደጅ ደጁን እያየሁ እውል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው መጣ። ጢሙ አድጎ፣ ትከሻው ጠብቦ። ጋቢውን አልያዘም፤ ያኔ ግን ያን ልብ አላልኩም። ሚስቱንና ልጆቹን እንኳ ሳያይ ወደ እኔ መጥቶ ትከሻዬን ሳመው፤ ሳመውና አልለቀቀኝም።

«ልጄስ?» አልኩት።

«ደህና ነው፣ እማማ። ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቶ ቀርቷል። የፈረሰው ብዙ አይደል፤ ግንበኛ ይፈለጋል።»

እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ያልኩትን አላስታውሰውም። እሱ ልጆቹ ሲመጡበት ፊቱን በእነሱ ፀጉር ውስጥ ደበቀ። እኔ ቀጥታ ጓሮ ሄጄ ጭቃውን ገለበጥሁት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቴ አላመመኝም። ጥሩ ቦክቷል፤ ሲመጣ ሳይውል ሳያድር ይመርገዋል እያልኩ። ከዚያ ገብቼ እንዝርቴን ይዤ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊው መኪናውን ሲረግጥ ልሰማ ፈልጌ ነበር።

ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ በወዲያ በኩል እግር በዛ። የልጆች እግር አይደለም። የቅሬያችን ዳኛ ከዘራ ሊሾውን ሲመታ አወቅሁት። ቅሬ ማለት በእኛ አገር አብረን የምንቀብርበት፣ አብረን ለቅሶ የምንቀመጥበት ማኅበራችን ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ ነው። የቅሬ ዳኛ ለእንኳን ደህና መጣህ ከዘራውን ይዞ አይመጣም። እንዝርቴ ቆመ።

ዳኛው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጎረቤት አይሰማም ወይ?» አሉ።

«አይሰማም» አለች ሚስቲቱ። «ይኼ ግድግዳ ምንም አያሳልፍም። ልጃቸው ነው የለሰነው።» ይህን ብላ ድምፅዋ ተሰበረ።

ልብስ ሰፊው ተናገረ። ደሴን ለቀው ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ መንገድ ዳር አረፍ ብለው እንደነበር፣ ልጄ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ እንደነበር፣ ጥይቱ ከየት እንደመጣ እንዳላየ። እዚያው በእጁ ላይ እንዳለፈ። ሬሳውን ትቶ ከመሄድ እዚያው መሞት መርጦ፣ ቄስ ፍለጋ መንደር ለመንደር እንደዞረ። «ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ አስገባሁት» አለ። «መግነዝ አጣሁ። በጋቢዬ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። አደራ ብለውኝ ነበር እኮ፤ በጋቢ ጠቅልዬ ነው ያስቀረሁት።» ከዚያ ወንድ ሲያለቅስ የሚያሰማው ያ ድምፅ መጣ። በርጩማው ሊሾው ላይ ተጎተተ።

ዳኛው ዝም አስባሉት። እናትየዋ ዛሬ በተስፋ ትደር አሉ። ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ሄደን እንነግራታለን፤ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ሚስቲቱን ዓይንሽን ታጠቢ አሏት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አልነግራችሁም። ሰው የልጁን ሞት ብቻውን እንዳይሰማው ነው ሁሉ ነገር የሚደረገው። የሚይዘው እጅ፣ የሚደግፈው ትከሻ፣ የሚያለቅስለት ሰው ቤቱ ሳይሞላ ቃሉ ከአፍ አይወጣም። ያ ደክሞት የመጣ ልጅ ፊቴን እያየ ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቷል ያለኝ ለዚያ ነው። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ለሌላ እናት እንዲሁ ብዬ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ተጨንቀው ሲሰናዱ፣ እኔ ብቻዬን፣ እንዝርት ይዤ፣ ቀድሜ ሰማሁት።

መጮህ አልቻልኩም። ድምፅ ወደዚህ የሚመጣ ከሆነ ወደዚያም ይሄዳል። ብጮህ ብቻዬን መስማቴን ያውቃሉ። ልብስ ሰፊው በአፉ እንደገደለኝ ይቆጥረዋል፣ ሚስቲቱም አይሰማም ማለቷን ዕድሜዋን ስታስበው ትኖራለች። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ቀደም ሲል የሳቅሁበት ያው ነጠላ ነው። እንዴት እንደነጋ እግዜር ያውቃል።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ቤቱን ጠርጌ ነበር፤ እንዝርቴን ሰቅዬ፣ ጥጤን ሸፍኜ፣ ሰው የሚቀመጥበትን ሁሉ ከፍቼ ነበር። ማንም ልብ አላለም። የልብስ ሰፊው ሚስት ቀድማ ገብታ ከጎኔ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። ግራናዋን ልጄንም አምጥተዋታል፤ በጨለማ ሰው ልከው። ዳኛው ስለ ዘመኑ ክፋት፣ ስለ ጌታ ፈቃድ ብዙ ተናገሩ። እኔ ከንፈራቸውን እያየሁ እጠብቃለሁ። ቃሉን ሲያወጡት፣ ያደረ ጩኸቴ ሁሉ ያኔ ወጣ። የውሸት አልነበረም። የሚይዘኝ እጅ ነበረ፣ የምወድቅበት ትከሻ ነበረ፤ እንደ ደንቡ ሆነ። እንደ አዲስ የሰማሁት ያህል ነበር። እንዲያውም ከሰው ጋር ስሰማው ነው ያመንኩት።

ስለ ጫማው ክር ግን አልነገሩኝም። ስለ ጋቢውም አልነገሩኝም። በክብር ተቀበረ አሉኝ፣ በዚያው ቆሙ።

ከለቅሶው በኋላ ቤታቸው ጸጥ አለ። መኪናው አይረገጥም። ልብስ ሰፊው ሰው ቤት እየሄደ በእጅ መርፌ ይሠራ ነበር። ልጆቹ ጮክ ካሉ እናታቸው «ሐዘን ላይ ናቸው» ትላለች። እኔ ከወዲህ ሆኜ፣ ይሩጡ፣ እባክሽ ይሩጡ እላለሁ በሆዴ። ክሩን ጨርሼ ለሸማኔ ሰጠሁ። ጭቃውን ደግሞ መተው አልሆነልኝም። ማንም እንደማይመርገው አውቃለሁ፤ ጠዋት ሲሆን ግን ባልዲው እጄ ላይ ነው።

አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ጠዋት ባልና ሚስቱ አብረው መጡ። ልብስ ሰፊው ሱሪውን ሰብስቦ በባዶ እግሩ ነው። እሱ የጀመረውን እኔ ልጨርስልዎ አለኝ፤ ጭቃው ደርሷል፣ የእርስዎን በኩል ዛሬ መርጌልዎ ልዋል። እጁ ለእንዲህ ያለ ሥራ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ዐይኑ ይለምነኛል።

«ቆይ መጀመሪያ» ብዬ ጓዳ ገባሁ። ጋቢውን አውጥቼ ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት። ከሸማኔ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

«ይኼ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ጋቢ ነው። ያንተው እሱ ጋ ቀርቷል አይደል?»

እንዲህ ብዬ ልናገር አላሰብኩም ነበር። ከአፌ ወጣ። ልብስ ሰፊው የጋቢውን ጥለት በጣቱ ይዞ ደርቆ ቀረ። ሚስቲቱ እኔን አላየችም፤ ግድግዳውን ነው ያየችው። ማገሩ እንደ ወጣ ነበር። በማገሩ መካከል የዚያ ልስን ጀርባ፣ ግራጫው፣ እንደ ቅርፊት ስስ ሆኖ ይታያል። ቀርባ በጣቷ ነካችው። ከወዲያ ትልቁ ልጇ ለሕፃኑ የሚነግረው ቃል በቃል ይሰማ ነበር። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሁልጊዜ ነው?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ ነው፣ ልጄ።»

«ንፍሮውስ…» አለችና ተወችው። ከዚያ ያ ማታ መጣባት፤ ሲመጣባት አየሁት። «የዚያን ለት ማታ እዚህ ነበሩ?»

«እዚሁ ነበርኩ።»

ልብስ ሰፊው ቁጭ አለ፣ መሬት ላይ፣ ከነጋቢው። ለምን እንዳልነገርኳቸው ሚስቲቱ እያለቀሰች ጠየቀችኝ። ግድግዳው ያሳልፋል ማለት የልጄን ሥራ ማማት ነው፤ ለሰው እንዳትነግሪብኝ ብሎኝ ነበር፣ አልነገርኩም፤ ይኸው ነው አልኳት። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ፣ «አደራዎትን አልጠበቅሁም» አለ።

«ቄስ ፈለግህለት» አልኩት። «አለበስከው። እኔ እናቱ ከዚህ የበለጠ ምን አደርግለት ነበር? እሱን ባልሰማ ኖሮ፣ ልጄ በረደው እያልኩ እስከምሞት እፈትል ነበር።»

ከዚያ ልብስ ሰፊው ተነስቶ፣ እንግዲያው አሁኑኑ እንምረገው፣ ከእንግዲህ ድምፃችን አያስቸግርዎ አለ። እምቢ አልኩት። ያ ግድግዳ ልጄ እንደተወው ይቆይ። በእነሱ በኩል እጁ አለበት፤ በእኔ በኩል ደግሞ የእነሱ ኑሮ ይመጣልኛል። ድሮ ክሬን ይበጥስ የነበረውን ያን የሚያነክስ መርገጫ፣ መልሰህ ርገጥልኝ ብዬ ለመንኩት።

ጭቃውስ? አለች ሚስቲቱ። እውነቷን ነው፤ ያን ያህል የቦካ ጭቃ አይጣልም። የፊት ለፊቱ ግድግዳ በጦርነቱ ምክንያት በጥቅምት ሳይመረግ ቀርቶ ነበር፤ ዝናብ አጥቦታል፣ እዚህም እዚያም ጥይት በስቶታል። ልብስ ሰፊው ገብቶ ረገጠ፣ እኔና ሚስቱ በእጃችን መረግን። ከእኔ በር ጀምረን እስከ እነሱ በር፣ መካከሉ ላይ ሳንቆርጥ። ጭቃው እንደ ቅቤ ይለሰልስ ነበር። ስንት ወር ሙሉ ተገላብጦ፣ አንድም ጓል የለበትም። ሲደርቅ አንዲት ስንጥቅ አልወጣችበትም፤ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያየው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንዝርቴን ይዤ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ከወዲያ በርጩማው ተጎተተ። መርገጫው አንዴ ሄደ፣ ሁለቴ ሄደ፣ በሦስተኛው አነከሰ። አቧራው ተነስቶ ነው መሰለኝ ሕፃኑ አስነጠሰ።

«ይማርህ» አልኩ፤ በደንብ፣ በሙሉ ድምፄ።

መርገጫው ቆመ። የእናቱ ድምፅ ከግድግዳው ማዶ ለልጁ መለሰለት። «ያኑርዎት፣ እማማ» አለችኝ። መኪናው ሥራውን ቀጠለ፤ እኔም ክሬን ቀጠልኩ።